«በሙከራ ላይ ያለ» የስልክ ብድር በአንድ የአዳማ ባልትና ሱቅ፦ የአምስት ወር ግምገማ

የምገመግመው አገልግሎት ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዳማ ውስጥ ላሉ አነስተኛ ነጋዴዎች የቀረበ፣ ለማን ምን ያህል እንደሚበደር ሰው ሳይሆን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚወስንበት የስልክ ብድር ነው። የአበዳሪውን ስም አልጠቅስም፤ የገጠመን ነገር የዚያ ተቋም ብቻ ጠባይ ነው ብዬ ስለማላምን ስሙን መጥራት ነገሩን ያሳንሰዋል። ተበዳሪዋም እኔ አይደለሁም። ታላቅ እህቴ ፍራንኮ አካባቢ ሽሮ፣ በርበሬና በሶ የምትሸጥበት ባልትና ሱቅ አላት፤ እኔ ደግሞ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኔ የሱቋን መዝገብ እይዝላታለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ከአንድ በኩል የእሷን ስልክ፣ ከሌላ በኩል የራሴን መዝገብ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ ያየሁትን ነው።

መልካሙን ላስቀድም። ምዝገባው ከሩብ ሰዓት በላይ አልወሰደም፤ ዋስ አምጡ፣ ካርታ አስይዙ፣ ነገ ተመለሱ የሚል አልነበረበትም። መልእክቶቹ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይመጣሉ፣ አማርኛውም ንጹሕ ነው። የመጀመሪያውን 5,000 ብር የጠየቀችው በየካቲት፣ ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር፤ ገንዘቡ የገባው ደንበኛዋ የገዛችው ሽሮ ተመዝኖ ሳያልቅ ነው። እህቴ ከዚያ በፊት ከአንድ ቁጠባና ብድር ተቋም ተመሳሳይ ገንዘብ ለማግኘት አንድ ወር ከግማሽ ተመላልሳለችና ደስታዋ የሚገባ ነበር። የአገልግሎት ክፍያው ከመቶ 5 ሆኖ በቅድሚያ ስለሚቆረጥ እጇ የገባው 4,750 ብር ሲሆን፣ መመለሻው 30 ቀን ነው። ለአጭር ጊዜ ብድር ውድ ነው ባልልም ርካሽ አይደለም፤ ቢያንስ ክፍያው ከመበደሯ በፊት በግልጽ ተነግሯታል።

በሁዳዴ ሁሉም ነገር አማረ። ሁለት ጊዜ ተበድራ ሁለቱንም ከቀኑ ቀድማ መለሰች፤ የመበደሪያ ጣሪያዋም እያደገ ሄዶ በመጋቢት መጨረሻ 14,000 ብር ደረሰ። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። በሁለተኛው ሳምንት ጣሪያው ወደ 6,000 ወረደ፣ ግንቦት ሲገባ 3,000 ሆነ፣ በግንቦት አጋማሽ ደግሞ «ለጊዜው ለብድር ብቁ አይደሉም» የሚል አጭር መልእክት ደረሳት። ምክንያት የሚባል ነገር አልተጻፈበትም። አንድም ቀን አልዘገየችም፣ አንድም ብር አላስቀረችም።

ባልትና የሚሸጥ ሰው ምክንያቱን ለማወቅ ደብዳቤ አያስፈልገውም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በእነዚያ ቀናት የጾመኛው ቤት ሁሉ ሽሮ ይሠራል። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ነው፤ ሽሮ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የሦስት ዓመት መዝገቤ ይህን በግልጽ ያሳያል፤ በሁዳዴ በአማካይ በሳምንት 38,000 ብር ገደማ የነበረው ሽያጭ በሃምሳው ወደ 24,000 ይወርዳል፣ ማለትም ከሲሶ በላይ ይቀንሳል፤ የሰኔ ጾም ሲገባ ተመልሶ ይነሣል። ማሽኑ ግን ያየው ከጥር ወዲህ በአንድ የስልክ ቁጥር የገባውን ገንዘብ ብቻ ነው። ወደ ላይ የወጣ፣ ከዚያ በድንገት የወረደ መስመር አየ፤ ከዚህ ተነሥቶ እየከሰረች ያለች ነጋዴ ናት ብሎ ደመደመ። ወይም እንደዚያ ይመስለኛል እንጂ ያሳየኝ ሰው የለም። ሌላም ነገር አለ፤ እህቴ ሁለት ሲም ካርድ አላት፣ የቆዩ ደንበኞቿ የሚከፍሉት በአሮጌው ቁጥር ነው፤ የገበያ ቀን ሽያጭ ደግሞ ግማሹ ጥሬ ገንዘብ ነው። ማሽኑ የሱቁን አንድ መስኮት ብቻ አይቶ ስለ ቤቱ ሁሉ ፈረደ ማለት ነው።

ጊዜውም ክፉ ነበር። በርበሬ የሚገዛው፣ የሚቀነጠሰውና ፀሐይ ላይ የሚሰጣው ክረምት ሳይገባ ነው፤ ሰኔ ካለፈ የደረቀው ሁሉ ይሻግታል። እህቴ በግንቦት ዛላ በርበሬ ለመግዛት የተማመነችው በዚያ 14,000 ብር ላይ ነበር። ያለው ጥሬ ገንዘብ የበቃው ለግማሹ ብቻ ስለሆነ የቀረውን ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ፣ ዋጋ ተጨምሮበት ወሰደች።

ወደ ጥሪ ማዕከሉ ስንደውል ያነሣችው ልጅ ትሑት ነበረች። «እናቴ፣ ሲስተሙ ነው የወሰነው፤ እኛ ልንቀይረው አንችልም» አለቻት። በዚህች ከተማ «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ለምደነው ነበር፤ አሁን ሲስተሙ ተገኝቶ ዳኛ ሆኗል። በማግስቱ የሦስቱን ዓመት መዝገብ አትሜ ቅርንጫፍ ቢሮው ሄድኩ። ኃላፊው መዝገቡን ገልጦ እስከ መጨረሻው አነበበ፤ ስለ ሃምሳው የጻፍኩትንም አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ እሱም የአዳማ ልጅ ነውና ገብቶታል። ከዚያ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ። የእህቴ ስም፣ የስልክ ቁጥሯ፣ አንድ ነጥብ፣ ከሥሩ «አስተያየት» የሚል ባዶ ሳጥን። «እዚህ ልጽፍልዎ እችላለሁ፤ ግን የሚያነበው የለም፣ ነጥቡንም አይነካውም» አለኝ። ከአገልግሎቱ ሁሉ ከልቤ ያመሰገንኩት ይህን ሐቀኛ ሰው ነው።

ማታ የአገልግሎቱን የውል ቃል ከስልኳ ላይ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ አውራ ጣት የሚያደክም ርዝመት አለው። ወደ ታች፣ ማንም በማይደርስበት ቦታ፣ አገልግሎቱ በሙከራ ላይ በመሆኑ ተቋሙ የብድር መስፈርቱን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊለውጥ እንደሚችል ይናገራል። እህቴ እየተሞከረባት እንደሆነ ያወቀችው የዚያን ምሽት ነው። «ሙከራ ከሆነማ ለሙከራ የሚከፈል አለ፤ እኔ ግን ከመቶ አምስት ከፍዬ ነው የተሞከርኩት» አለች። ግምገማዬን ከአንድ የስልክ መተግበሪያ አልፎ ወደ ሰፊው ጉዳይ የወሰደው ይህ አነጋገሯ ነው።

አዲስ ቴክኖሎጂን በሕዝብ ላይ መሞከር በራሱ ነውር አይደለም፤ ያለ ሙከራ የሚሠራ ነገር የለም። በሌሎች አገሮች ግን ለዚህ የተበጀ ሥርዓት አለ፤ ሬጉላቶሪ ሳንድቦክስ ይሉታል። ቃል በቃል «የአሸዋ ሳጥን» ብሎ መተርጎም አዳማ ላይ አያስኬድም፤ ሰው የሚያስበው የሲኖትራክ ጭነት ነው፤ ስለዚህ ሳንድቦክስ ልበለው። ሐሳቡ አጭር ነው፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አጥር ያለው ሜዳ ያዘጋጃል፣ ድርጅቱ በተወሰነ ቁጥር ተጠቃሚና በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አዲሱን ነገር እዚያ ይሞክራል፣ ተቆጣጣሪው አጠገቡ ቆሞ ያያል፣ ሲያልቅም ምን እንደተማሩ ይጻፋል። አሠራሩን በስፋት ያስተዋወቀው የብሪታንያ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2016 ማመልከቻ መቀበል ጀመረ። በመጀመሪያው ዙር 69 አመልክተው 24 ተቀባይነት አገኙ፣ 18ቱ ወደ ሙከራ ገቡ። የመግቢያው መመዘኛ ነገሩ በእርግጥ አዲስ መሆኑንና ድርጅቱ መዘጋጀቱን ብቻ ሳይሆን ለተጠቃሚው የሚሰጠውንም ጥቅም ይጠይቃል። ሙከራው ሲያበቃ ደንበኛው ሜዳ ላይ እንዳይቀር የመውጫ ዕቅድም ቀድሞ ይዘጋጃል።

ለእህቴ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ነው። ቁጥሩ 2024/1689 ሲሆን እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ የጸና ነው። ይህ ሕግ የግለሰብን የመበደር ብቃት የሚመዝን ሥርዓትን «ከፍተኛ አደጋ ያለበት» ከሚላቸው መካከል ይመድበዋል፤ በአንቀጽ 57 ደግሞ እያንዳንዱ አባል አገር ቢያንስ አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሳንድቦክስ እንዲያቋቁም አዝዞ፣ ሲወጣ የጊዜ ገደቡን ኦገስት 2 ቀን 2026 አድርጎት ነበር። ስፔን ሌሎቹን ሳትጠብቅ ሕጉ ከመጽደቁ በፊት፣ በኖቬምበር 2023 ባወጣችው የንጉሣዊ ድንጋጌ የራሷን ጀምራለች። በሕጉ ውስጥ ሁለት ነገር ደጋግሜ አነበብኩ። አንደኛው፣ ሳንድቦክስ ውስጥ የገባ ድርጅት የተስማማበትን ዕቅድና የተቆጣጣሪውን መመሪያ በቅን ልቦና እስከተከተለ ድረስ አስተዳደራዊ ቅጣት አይጣልበትም፤ በሙከራው ምክንያት ሌላ ሰው ላይ ጉዳት ከደረሰ ግን ተጠያቂነቱ አይነሣለትም። ከመንግሥት ቅጣት ያስጥላል እንጂ ከተጎጂው ፊት አይሰውረውም። ሁለተኛው ከሳንድቦክስ ውጭ፣ በገሃዱ ዓለም ለሚደረግ ሙከራ የተቀመጠው ነው፤ ተሞካሪው አውቆ ፈቃዱን ሊሰጥ ይገባል፣ ምክንያት ሳይጠየቅ በፈለገው ጊዜ መውጣት ይችላል፣ የማሽኑም ውሳኔ ሊቀለበስ የሚችል መሆን አለበት። የቅርንጫፍ ኃላፊው ያሳየኝ ባዶ ሳጥን በዚህ መለኪያ ቢለካ የሚያልፍ አይደለም።

ሳንድቦክስ ማለት ለድርጅቶች የተሰጠ ማምለጫ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ጠርጥሬ ነበር። ሐሳቤን የቀየረው የኖርዌይ ምሳሌ ነው። የአገሪቱ የዳታ ጥበቃ ባለሥልጣን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሳንድቦክስ ከፍቶ የመጀመሪያዎቹን ፕሮጀክቶች እ.ኤ.አ. በ2021 ተቀበለ። ከገቡት አንዱ ራሱ የመንግሥት የሥራና የማኅበራዊ ድጋፍ አገልግሎት ነበር፤ በሕመም ፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛ ምን ያህል ጊዜ ሊቆይ እንደሚችል አስቀድሞ የሚገምት ማሽን ሊሠራ ፈልጎ ነው። ከሥራው የወጣው ዋና ትምህርት የቴክኒክ አልነበረም፤ የብዙ ሰዎችን የግል ዳታ ማሽኑን ለማሠልጠን ለመጠቀም ግልጽ የሕግ መሠረት ያስፈልጋል የሚል ነበር። ሪፖርቱም ማንም እንዲያነበው ይፋ ሆነ። መንግሥት የራሱን መሥሪያ ቤት «ቆይ፣ ይህን መጀመሪያ አጥራ» ያለበት ሜዳ ማምለጫ ሊባል አይችልም።

ወደ እኛው እንመለስ። ኬንያ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪዋ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳንድቦክስ ከፍቷል፤ ስለዚህ ነገሩ የአውሮፓ ቅንጦት ብቻ አይደለም። በአገራችንም ባዶ መሬት ላይ አይደለንም። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ተቋም በ2012 ዓ.ም. ካቋቋምን ዓመታት አልፈዋል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲውን በሰኔ 2016 አጽድቋል፤ በዚያው ዓመት የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን ዳታ የማየትና የተሳሳተውን የማስተካከል መብት ሰጥቶ ክትትሉን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስረክቧል። እህቴን የመሰለ ሰው መብቱን ሊጠይቅበት የሚችል አንቀጽ አለ ማለት ነው። ያንን አንቀጽ ይዛ ቅርንጫፉ በር ላይ ስትደርስ የምታገኘው ግን «አስተያየት» የሚለውን ሳጥን ነው።

ፍርዴ ወደ አንድ በኩል እንዳያዘነብል የሌላውንም ወገን ልናገር። አገልግሎቱ በሳንድቦክስ በኩል አልፎ ቢሆን ኖሮ እህቴ የየካቲቱን 5,000 ብር ላታገኝ ትችል ነበር። ከ69 አመልካቾች 24 ብቻ የሚያስገባ በር ጠባብ በር ነው፤ ውጭ ከሚቀሩት መካከል ጥሩ ሐሳብ ያላቸው እንደሚኖሩ ግልጽ ነው። ተቆጣጣሪውም ማሽኑን ከፍቶ የሚያይ ባለሙያ ከሌለው ሳንድቦክሱ ማኅተም መምቻ ሆኖ ይቀራል፤ ድርጅቱም ማኅተሙን ማስታወቂያ ያደርገዋል። አዳማ ላይ ሆኜ ይህን ስጋት በቀላሉ አላየውም፤ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የጥራት ምስክር ወረቀት ምን ማለት እንደሆነና ምን ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሌላው፣ ከውጭ የሚመጣው አሠራር እንዳለ ቢገለበጥ እዚህ አይሠራም። የብሪታንያዎቹ ሙከራዎች በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚሆኑ ነበሩ፤ የአውሮፓው ሕግም ለገሃዱ ዓለም ሙከራ ስድስት ወር ሰጥቶ ሌላ ስድስት ወር እንዲራዘም ይፈቅዳል። አሁን ይህንኑ ማሽን ከጥር እስከ መጋቢት ብንሞክረው ውጤቱ ምን ይሆናል? ሁሉም ባልትና ሻጭ ትርፋማ፣ ሁሉም ከፋይ፣ ማሽኑም አዋቂ። ሥጋ ቤቶችን ብንጨምርበት ደግሞ ተቃራኒውን ያሳየናል፤ በሁዳዴ ሁሉም ከስሮ፣ ከፋሲካ በኋላ ሁሉም ባለጸጋ ሆኖ ይታያል። ፋሲካን ያልተሻገረ፣ ሃምሳውን ያላየ፣ ክረምትን ያልቀመሰ ሙከራ በዚህ አገር የንግድ ብድር ላይ ምንም አልተፈተነም። ከተማው ውስጥ ከክርስቲያኑ ሌላ ሙስሊሙም አለ፤ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ስለሚመጣ የአንድ ዓመት ዳታ ለእሱ በቂ አይሆንም። እንግዲህ እዚህ የሚቋቋም ሳንድቦክስ ቢያንስ ሙሉ ዓመት የሚሸፍን፣ ከተሞካሪዎቹም መካከል የጾም ሸቀጥና የፍስክ ሸቀጥ የሚሸጡ ሁለቱም የሚገኙበት ሊሆን ይገባል። ይህን ለማወቅ የኮምፒውተር ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ቀን ገበያ ውሎ መምጣት ይበቃል።

ስለ አገልግሎቱ ራሱ ያለኝን ፍርድ ላስቀምጥ። ለፍጥነቱ፣ ለቋንቋውና ክፍያውን ሳይደብቅ ለመናገሩ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ለውሳኔው ጥራት ከአምስት ሁለት፤ የቀድሞ አከፋፈሏን ከአንድ ወር የሽያጭ መውረድ ያነሰ አድርጎ የሚያይ መለኪያ ጥሩ መለኪያ አይደለም። ለቅሬታ አሰማሙ ዜሮ። ዜሮ ስል ሠራተኞቹን አይደለም፤ ሠራተኞቹ ጨዋ ናቸው፣ የሚሠሩበት ነገር ግን ቅሬታ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ለሙከራው ግልጽነትም ዜሮ፤ «በሙከራ ላይ ነው» የሚለው ቃል ከውሉ ሥር ተነሥቶ መመዝገቢያው ገጽ ላይ፣ ተጠቃሚው «እስማማለሁ» ከማለቱ በፊት ሊጻፍ ይችላል። ይህን ለማድረግ አዋጅም፣ ሳንድቦክስም መጠበቅ አያስፈልግም፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ለመበደር የምታስቡ ነጋዴዎች ካላችሁ፣ የመበደሪያ ጣሪያውን እንደ ገንዘባችሁ ቆጥራችሁ ዕቃ አትዘዙበት። ጣሪያው ዛሬ ያለ፣ ነገ ሊነሣ የሚችል ነው። የሽያጫችሁ ገንዘብ በሁለት ቁጥር የሚገባ ከሆነ በተመዘገባችሁበት አንድ ቁጥር እንዲገባ ብታደርጉ ለማሽኑ የተሻለ ትታያላችሁ፤ ይህን ስመክር ግን ሰው ለማሽን ብሎ የንግድ ልማዱን ሲቀይር ማየት ደስ አይለኝም።

የሰኔ ጾም ከገባ ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የእህቴ ስልክ ጮኸ። «እንኳን ደስ አለዎት! 9,000 ብር መበደር ይችላሉ» ይላል። ውጭ ያካፋ ነበር፤ በርበሬው ተወቅጦ ጆንያ ውስጥ ገብቷል፣ የጅምላ ነጋዴው ዱቤ ግን ገና አልተከፈለም። «ወንድምዓለም፣ ይኸው ሽሮዬን ወደደልኝ» አለችኝና ስልኩን በፊቱ ደፍታ ሚዛኗን ማጽዳት ቀጠለች።